የአዘቦት ሰዓት

አዲስ የሰዓት ማሰሪያ የራሱ ሽታ አለው፤ ቆዳ፣ ቀለምና ማጣበቂያ የተቀላቀለበት ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ አንድ ሰዓት ቤት ቆሜ ማሰሪያ ሳስቀይር ያ ሽታ አፍንጫዬ ገባ፤ የመስተዋቱን ጠርዝ ያዝሁ። ሻጩ ወጣት ነው። ሰዓቴን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ከመንገድ እንደ ተነሳ ነገር አያት።

«እማማ፥ ይሄ እኮ አርጅቷል። አዲስ ይምረጡ። ካልሆነም ይተዉት፤ ስልክዎ ላይ ሰዓት አለ» አለኝ።

«የጠየቅሁህ ማሰሪያ ነው» አልሁት።

ልጄ አጠገቤ ነበረች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ከቤት አልወጣም ብዬ ስላስቸገርኋት እየጎተተች ያመጣችኝ እሷ ነች። እሷም ከሻጩ ጋር ወገነች። «እውነቱን ነው እማዬ፤ ሸጋ ሸጋው ሞልቷል፥ አንዱን ምረጪ» አለች። ሁለቱ ተጋግዘው አንድ በአንድ ያሳዩኝ ጀመር፤ ወርቃማውን፣ ባለ ድንጋዩን፣ ስልክ የሚመስለውን። ሁለቱንም ጠላኋቸው። ሐዘን ሰውን ደግ ያደርጋል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔን ክፉ ነው ያደረገኝ። የሚያጽናናኝን ሁሉ እጠላለሁ። «ቀን ሲያልፍ ትረሺዋለሽ» የሚሉኝን ደግሞ ከሁሉ አብልጬ እጠላለሁ።

ማሰሪያውን አስቀይሬ፣ ሰዓቴን አስሬ ወጣሁ። ይህችን ሰዓት የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከዚሁ መንገድ ላይ፣ ያኔ ሌላ ሰው ከሚሠራበት ጠባብ ሱቅ፣ ባሌና እኔ ተጣልተን ነው የመረጥናት። እንዴት እንደ ነበር ልንገራችሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ የሚያስቸኩለኝ የለም።

ያን ጊዜ ከደባርቅ ወዲያ፣ ድብ ባሕር በምትባል ገጠር አስተማሪ ነበርሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ከተማ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ በአንድ ደብር ዜማ ያስተምሩ ስለነበር ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እናቴ ቀድማ በመሞቷ ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ነች። ባሌ ደግሞ የዚያው የድብ ባሕር አካባቢ የገበሬ ልጅ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ በዚያው ትምህርት ቤት የተመደበ የሒሳብ አስተማሪ።

በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰዓት የነበረው ዳይሬክተሩ ብቻ ነበር። ደወላችን ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የማኪና ቸርኬ ነው፤ ዳይሬክተሩ ክንዱን አይቶ ምልክት ሲሰጥ ዘበኛው በብረት ይመታዋል። ዳይሬክተሩ ለስብሰባ ደባርቅ የሄደ ቀን ግን ክፍለ ጊዜ የሚባል ነገር አይኖርም። አንዱ አስተማሪ ሲደክመው ያስመታል፤ ሌላው «ገና አሁን ገብቼ» እያለ ከበር ላይ ይጮኻል። ከባልደረቦቼ ጋር የተቀያየምሁት ሁሉ በዚያ ቸርኬ ሰበብ ነው። ስለዚህ የሒሳብ አስተማሪው ወደ ቤታችን ሽማግሌ ልኮ፣ ነገሩ እሺ ተብሎ፣ ጥሎሽ ምን ይምጣልሽ ብሎ በድብቅ ሲጠይቀኝ ያልሁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሰዓት። ግን የአዘቦት ሰዓት። ጠመኔ ሲነካት፣ ልብስ ሳጥብባት የማልሳሳላት።»

«እንግዲያው መጥተሽ ምረጫት» አለኝ።

ይህ ነውር ነው። በእኛ ወግ ሙሽራ ጥሎሿን አትመርጥም። የወንድ ወገን ይገዛል፤ ሽማግሌዎች ይዘው ይመጣሉ፤ የሴት ወገን እያየ ይነቅፋል። ከእጮኛዋ ጋር ገበያ ወጥታ ስታማርጥ የታየች ልጅ ዓይኗን በጨው የታጠበች ተብላ ነው የምትቀረው። ቢሆንም ሄድሁ። እሱ በታች፣ እኔ በላይ በኩል መጥተን፣ እንዳልተዋወቀ ሰው አንድ መስተዋት ላይ ቆምን።

ሱቁ የዘይትና የቆዳ ሽታ ነበረው። ከመስተዋቱ ሥር አንዲት አምፖል ትበራለች፤ ሰዓቶቹ ሁሉ ባንድነት ሲመቱ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ ይመስላሉ። ሻጩ አንድ ዓይኑ ላይ የማጉያ መነጽር የሰካ ጎልማሳ ነው። እኔ ካየኋት ጀምሮ ዓይኔን ያልነቀልሁት ከዚህችው ላይ ነው፤ ነጭ ፊት፣ ወፋፍራም ጥቁር ቁጥሮች፣ ቡናማ ማሰሪያ፣ ሌላ ምንም የሌላት። እሱ ግን ወርቃማዋን አነሳ።

«ይህች ሸጋ ነች» አለ።

«ለማን?»

«ለአንቺ ነዋ። ለማን ትሆናለች?»

«ይህችን አስሬ ሰሌዳ ልጽፍ? ክረምት ሳይገባ ቅቧ ተልጦ ቆርቆሮ ትሆናለች።»

«አክስትሽ ያችን ነጭ ብታይ ምን ትለኛለች? ባላገሩ የልጅ መጫወቻ ይዞ መጣ አትልም?»

«የምታስራት አክስቴ ከሆነች እሷን አግባት።»

ሻጩ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ ፊቱ ጠቆረ። እንደዚያ ሲሆን ግንባሩ ላይ አንዲት ሥር ትገተር ነበር፤ ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየኋት።

«አያ ያዘዘኝ የሚያብረቀርቅ ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። አያ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ነው። «ከቤታችሁ ገብቶ የሚቀርበው እሱ ነው። የሚሰደበውም እሱ ነው። አንቺ ጓዳ ነሽ፤ ምን ቸገረሽ?»

«እንግዲህ ምረጥ። ወይ አክስቴን ደስ አሰኝ፥ ወይ እኔን።»

ወርቃማዋን አስቀመጠ፤ መልሶ አነሳት፤ መልሶ አስቀመጠ። በመጨረሻ ወደ እኔ ሳያይ ነጯን በጣቱ ወደ ሻጩ ገፋት። ሻጩ ሞልቶ፣ አስተካክሎ፣ በጨርቅ ወልውሎ ሰጠው። እሱ ግን አንዴ አየና ቁልፏን ስቦ ያዞራት ጀመር።

«ምነው? ልክ አድርጌ ሞልቼው» አለ ሻጩ።

«በፈረንጅ ነው የሞላሃት። በአበሻ ትሁን።»

«ከተማው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያስር።»

እውነቱን ነበር። የጎንደር ሠራተኛ ያን ጊዜ ሰዓቱን በፈረንጅ ይሞላና የሚያነበው ትይዩውን ቁጥር ነው፤ ዘንጓ ሁለት ላይ ስትሆን ስምንት ይላል። ዓይናችን ለምዶት አስቦ የሚያነብም የለም።

«ከተማው እንደ ፍጥርጥሩ» አለ እሱ። «ልጆቹን ሁለት ስታዩ ስምንት በሉ ብዬ ላስተምራቸው ነው? ፀሐይ ስትወጣ ዐሥራ ሁለት ትበል።»

ሻጩ ወደ እኔ አይቶ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ይህን ነው የምታገቢው የሚል ዓይነት። ከሱቁ ስንወጣ እሱ ደህና ዋይ እንኳ ሳይለኝ ቁልቁል ወረደ።

ይህን ስጽፍ ልጄ ከኋላዬ ቆማ አነበበችና «አባዬ እንዲህ ይቆጣ ነበር?» አለችኝ። ሰው ሲሞት ቁጣውንም ይቀሙታል። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ከደጄ ተቀምጦ ሲያወራ ባሌ ድምፁ የማይሰማ፣ ለዝንብ የሚራራ ሰው ነበር። እኔ እንዲያ ያለ ሰው አላገባሁም። ጠበኛ ነበር። የእኔ ጠበኛ ነበር፤ እሱን ነው የምፈልገው።

ጥሎሹ የመጣው በጥር ነው፤ ፀሐዩ የበረታ፣ ሰማዩ የነጻ ቀን። እኔ ጓዳ ገብቼ ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጫለሁ። የጣራው ቆርቆሮ በሙቀት ይንቋቋል። አዲሱ ልብሴ ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። በመጋረጃው ስንጥቅ ሳይ አባቴ ከወንበራቸው ላይ ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው የሰፈሩ ሴቶችና የደብሩ ሰዎች አሉ። ከደጃፉ በኩል የእሱ ታላቅ ወንድም ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆሟል፤ እግሩ ሥር የጥሎሹ ሻንጣ አለ። ረጅምና ከሲታ ነው፤ ጋቢውን ደረቱ ላይ ሰብስቦ ይዞታል። አክስቴ ከመካከል ነች። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስለነበረች እጇ ላይ የወርቅ ቅብ ሰዓት አለ፤ ያን ቀን ደግሞ እንዲታይላት የቀሚሷን እጅጌ ሰብስባዋለች።

ወንድምየው አንድ በአንድ እያወጣ ያሳያል፤ አክስቴ ትነቅፋለች። መንቀፉ ወግ ነው፤ ያልነቀፈ ወገን ልጁን የጣለ ይመስላል። ስለዚህ ሰው ይስቅ ነበር።

«ይኸው ቀሚስ።»

«ቀሚስ ነው? እኔ የመስኮት መጋረጃ መስሎኝ።»

«ይኸው ጫማ።»

«ልጅ ነው የምንድር፤ እግረኛ ወታደር አይደለም።»

«እሜቴ፥ የድብ ባሕርን ኮረኮንች በሹል ጫማ ያለፈች እንደሆነ እኛንም ያሳዩን» አለ ወንድምየው። ሳቁ ጨመረ። አክስቴ አልሳቀችም፤ መልስ የሚሰጣት ሰው አትወድም።

ከዚያ «ይኸው ሰዓት» አለ።

ተቀብላው ወደ መስኮቱ ሄደች። ፀሐይ መስተዋቷን ሲመታት አንዲት የብርሃን ጠብታ በጣራው፣ በግድግዳው፣ በእኔ መጋረጃ ላይ ሮጠች። አክስቴ ክንዷን ከሰዓቷ አጠገብ አደረገች፤ አንዴ ይህችን፣ አንዴ ያችን አየች። ድምፅዋ ሲመጣ የቀልድ አልነበረም።

«አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት ሁለት ይላል።»

ሴቶቹ ተንሾካሾኩ።

«የተበላሸ ሰዓት ነው ያመጡልን» አለች። «ለሙሽራ።»

«ከጆሮዎ ያድርጓት እሜቴ፤ ትመታለች» አለ ወንድምየው።

«ከመታችም ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርታ ነው። ልጃችንንም ወደ ኋላ ሊያስቀሯት ነው። ሰው የጣለውን አንስተው፣ የኔታ ቤት፣ በሰው ፊት።»

«ምልኪው አያምርም» አለች አንዷ ሴት።

ወንድምየው ግራ ገባው። ሰዓት አስሮ የማያውቅ ሰው ነው። «እኔ በፀሐይ ነው የማውቅ» አለ፤ «ወንድሜ ግን የተበላሸ አይገዛም። ይህን አውቃለሁ።» አብረውት የመጡት ሽማግሌዎች ግን በትራቸውን እያነሱ ነበር። አክስቴ በእግሯ የሻንጣውን ክዳን ገፍታ ዘጋችው። «ይዛችሁ ሂዱ» አለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ደጃፍ የወጣ ሽማግሌ ተመልሶ አይመጣም፤ እሱም ወንድሙ የተሰደበበትን ቤት ልጅ አያገባም።

«እስቲ ወዲህ አምጪው» አሉ አባቴ።

ተመስገን አልሁ። አባቴ የሰው ጠብ የሚዳኙ፣ ቃላቸው የሚጠበቅ ሰው ነበሩ። ከዚያም በላይ በቤታችን ሰዓታቸውን በአበሻ የሚሞሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ለማሕሌቱም ለቅዳሴውም የሚያዩት በእሷ ነው፤ በክር አስረው ከደረት ኪሳቸው የሚያኖሯት ሰዓት ነበረቻቸው። ሰዓቷን በቀኝ እጃቸው ተቀበሉ። በግራቸው የራሳቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሁለቱን አጠጋግተው አዩ። ለእኔ ቅርብ ነበሩ፤ ፊታቸውን አያለሁ፤ ዓይናቸው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲሄድ አያለሁ። አንድ ዓይነት ነበሩ። አባቴ አወቁ።

ከዚያ የራሳቸውን ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱ። የእኔን ለአክስቴ ዘረጉላት።

የማስታውሰው ጣራው ሲንቋቋ ነው። አባቴ ለእኔ ያሰቡት ከተማሪዎቻቸው አንዱን፣ ለቅስና የደረሰ ዲያቆን እንደ ነበር አውቃለሁ። የገበሬውን ልጅ እሺ ያሉት የደብሩ ሰዎች ስለለመኗቸው ነው። አሁን እንቢ ማለት ሳያስፈልጋቸው ነገሩ በራሱ ሊፈርስላቸው ነው፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። እናት የሌላት ልጃቸው ከመጋረጃ ኋላ እንዳለች እያወቁ ዝም አሉ።

ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ ደጅ አዞሩ።

«አባባ» አልሁ። «የእርስዎ ሰዓት ስንት ይላል?»

የሙሽራ ድምፅ ከጓዳ ሲወጣ በዚያ ቤት የሰማ ያለ አይመስለኝም። ሁሉም ወደ መጋረጃው ዞረ።

«አንቺ፥ አፍሽን ያዢ» አለች አክስቴ።

«አባባ፥ የእርስዎ ሰዓት ስንት ይላል?»

አባቴ ካህን ናቸው። ዝም ማለት ይችላሉ፤ ተጠይቀው መዋሸት ግን አይችሉም። እኔም ይህን አውቄ ነው የጠየቅሁ። ሰዓታቸውን እንኳ አላወጡም።

«ስምንት» አሉ።

«ያችስ?»

«እሷም ስምንት ነች።»

አክስቴ ሰዓቷን እንደገና አየቻት፤ ቀጥሎ የራሷን። ዘንጓ ስምንት ላይ ሳለች በልማድ ትይዩውን ሁለትን ማንበቧ ሲገባት ፊቷ ቀላ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ያዘች። «በአበሻ መሞላቷን አንቺ በምን አወቅሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ የመረጥኋት። ሲሞላትም አጠገቡ ነበርሁ።»

«እሰይ። ገበያም ወጥታለች።» ወደ አባቴ ዞረች። «ሰሙ የኔታ? ይኸው ያሳደግናት።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን ነከሱ። ወንድምየው በሩን ይዞ እንደ ቆመ «የኔታ» አለ፤ «ሰዓቷ ካልዋሸች እኛም አልዋሸንም። ሂዱ ካሉን እንሄዳለን። ተቀመጡ ካሉን እንቀመጣለን።»

«ተቀመጡ» አሉ አባቴ። ከዚያም መረቁ። ድምፃቸው የፍትሐት ድምፅ ነበር።

ስለዚያች ቀን ከአባቴ ጋር አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። በሠርጌ ዕለት ጉልበታቸውን ስስም ወደ ጎን ያዩ ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሲታመሙ አስታመምኋቸው፤ አጠብኋቸው፤ በእጄ አጎረስኋቸው። ሰዓቷ ክንዴ ላይ እያለች ውኃ ሳጠጣቸው አንድ ቀን ዓይናቸው እሷ ላይ ቀረ። የሚናገሩ መሰለኝ፤ ጠበቅሁ። ውኃውን ጠጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ሰው ሁሉ ቅዱስ ነበሩ ይላል። ይበል። እኔ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ወደ ድብ ባሕር የተመለስነው ጫጉላው እንዳለቀ ነው። እሱ ከወንድሙ ሁሉን ሰምቷል፤ እኔም ስለ ነገሩ ያወራኛል ብዬ ጠበቅሁ። የመጀመሪያው ሰኞ ጧት ከቸርኬው ሥር ቆመን፣ ዳይሬክተሩ የለም፣ ዘበኛው ብረቱን ይዞ ይጠብቃል፤ እሱ በልጆቹ መካከል አልፎ መጣና ክንዴን በሁለት ጣቶቹ ያዘ። ወደ ራሱ ዘወር አደረገው። ሰዓቷን አየ፤ ከዚያም እኔን።

«ሁለት ሰዓት» አለ ለዘበኛው። «ምታ።»

ለራሱ ሰዓት ገዝቶ አያውቅም። ደመወዛችን ሲሻሻልም፣ ወደ ጎንደር ስንዛወርም «አንዷ ትበቃናለች» ነው የሚል። ሰዓት ማወቅ ሲፈልግ መጥቶ ክንዴን ያዞራል። በሰው ፊት ባልና ሚስት በማይነካካበት አገር፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከመናኸሪያ፣ ማንም ምንም ሳይለን እጄን ይይዝ ነበር። ስንጣላም አይተውም። ሳምንት ሙሉ ተኳርፈን ውለን፣ ከምድጃው አጠገብ ሽንኩርት ስከትፍ ይመጣል፤ ቢላዋ የያዘ እጄን አንስቶ ያዞረዋል፤ ያያል፤ ወደነበረበት መልሶ አንድም ቃል ሳይናገር ይወጣል። እኔም አላናግረውም። እጄን ግን ከልክዬው አላውቅም።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ብርድ ልብሱ ላይ ወርዶ፣ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ጎንበስ አልሁ። ሰዓት ነበር የፈለገው።

«ግድግዳው ላይ አለላችሁ እኮ» አለች ነርሷ እያለፈች።

ወደ ግድግዳው አላየም። ክንዴን አምጥቼ ከእጁ ውስጥ አደረግሁለት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፍሁለት፤ እኔው ራሴ ወደ እሱ አዞርሁት። ብዙ አየ።

«ስንት ይላል?» አልሁት።

«ገና ነው» አለኝ። ክንዴንም አልለቀቀም።